መቶ እጥፉ ውስጥ ያልተጻፈው ቃል

የንባብ ክፍል፦ ማርቆስ 10፥28-31



አገልጋይ ወደ ሩቅ አገር ሲሸኝ በብዛት ከሚነበቡ ክፍሎች አንዱ ይህ ነው። ጴጥሮስ እርሱና ጓደኞቹ ሁሉን ትተው እንደተከተሉት ለጌታ ይነግረዋል። ጌታም ስለ እርሱና ስለ ወንጌል ብሎ ቤቱን፣ ወገኑን ወይም እርሻውን የተወ ሰው በዚህ ዘመን መቶ እጥፍ፣ በሚመጣውም ዓለም የዘላለምን ሕይወት እንደሚቀበል ይመልስለታል። እኔም የተሸኘሁት በዚሁ ክፍል ነበር። ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ፤ እህቶች በሶ፣ ሽሮና በርበሬ ቋጠሩልኝ። ዛሬ ልጽፍላችሁ የወደድሁት ይህ መቶ እጥፍ በየቀኑ ኑሮ ውስጥ ምን እንደሚመስል፣ እጅግ በከበደኝም ቀን እንዴት እንዳገኘኝ ነው።

ያለሁበት ስፍራ ማጁሮ ይባላል፤ የማርሻል ደሴቶች ዋና ከተማ ነው። አገሪቱ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል፣ ከሃዋይ በአውሮፕላን አምስት ሰዓት ያህል ርቃ የምትገኝ ስትሆን 29 አቶሎችና 5 ነጠላ ደሴቶች አሏት። አቶል ማለት ኮራል በባሕር ውስጥ የሠራው ቀለበት የሚመስል መሬት ነው። ከቀለበቱ ውስጥ ላጉን የሚሉት ጸጥ ያለ ውሃ አለ፤ ከቀለበቱ ውጭ ውቅያኖሱ ያገሳል። የማጁሮ የብስ ሁሉ ቢደመር 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በብዙ ስፍራ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ስለሆነ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁ በአንዱ መስኮት ላጉኑን፣ በሌላው ውቅያኖሱን ታያላችሁ። መሬቱ ከባሕር ጠለል በላይ በአማካይ 2 ሜትር ያህል ከፍ ቢል ነው። እኔ ደግሞ ያደግሁት ሆሳዕና አካባቢ፣ ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ፣ ጭጋግና እንሰት መካከል ነው።

በበጎ ፈቃድ አስተማሪነት የመጣሁት ከምኖርበት ከአሜሪካ ነው። አንዲት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍልን ሰጠችኝ፤ 26 ልጆች፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለ አንድ ማራገቢያ። ሙቀቱ ከጥር እስከ ታኅሣሥ አንድ ዓይነት ነው። ዝናቡ ሲመጣ ቆርቆሮው ላይ የሚያወርደው ድምፅ ጉሮሮዬን ስለሚያሸንፈው ትምህርቱን ትቼ ከልጆቹ ጋር ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ዝናብ እዚህ ትምህርት የሚያቋርጥ ነገር ብቻ አይደለም፤ የመጠጥ ውሃ ነው። እያንዳንዱ ቤት ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ በአሸንዳ ወደ ታንከር ያወርዳል። የከተማው የውሃ ማጠራቀሚያ እንኳ የሚሞላው በአውሮፕላን ማረፊያው ማኮብኮቢያ ላይ ከሚወርደው ዝናብ ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ዝናቡ ስለሚቀንስ ታንከሩን በጣቴ እየመታሁ ውሃው የት ድረስ እንዳለ በድምፁ ማወቅን ተምሬአለሁ። የዕለት እንጀራችንን ስጠን ብለን ስንጸልይ የዕለት ውሃም እንደ ተካተተ እዚህ ያለ ሰው አይጠራጠርም።

ለመልመድ ጊዜ የወሰደብኝ የልጆቹ ዝምታ ነው። ጥያቄ ስጠይቅ ማንም እጁን አያወጣም። ገባችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅም መልስ የለም፤ ቅንድባቸውን ብቻ ከፍ ያደርጋሉ። ለካ ቅንድብ ማንሣት እዚህ አገር አዎ ማለት ነው። አሜሪካ በመጣሁበት ሰሞን እኔም አዎ ለማለት ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስስብ፣ ሰው ደንግጣ ነው ብሎ ያየኝ እንደነበር አስታወስሁ። እንግሊዝኛ ለልጆቹ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከሃዲይኛና ከአማርኛ ቀጥሎ ሦስተኛዬ ነው። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር ተፈታ። በማግስቱ በትምህርት ሰዓት አንዲት ልጅ ቀስ ብላ፣ በሃዲያ ቋንቋ ዓሣ ምን ይባላል ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰሌዳው ጥግ የቃላት መለዋወጫ አለን።

መጽሐፎቻችን የመጡት ከአሜሪካ ስለሆነ ባቡር፣ በረዶና ተራራ ይበዛባቸዋል። መዝሙር 121ን ስናጠና ተራራ የሚለው ቃል ላይ ቆምን። አንድ ልጅ፣ ከኮኮናት ዛፍ ይበልጣል ወይ አለኝ። ይበልጣል አልሁት። ከሁለት ኮኮናት ዛፍስ አለ። ሰሌዳው ላይ የአገሬን ተራሮች ሣልሁላቸው፤ ከሥር ጎጆ፣ ከጎጆው ጓሮ እንሰት፣ በበሩ ደግሞ አባቴን። አባቴ ያን መዝሙር በየማለዳው፣ እሳት ከመቀጣጠሉ በፊት፣ ጋቢውን እንደተከናነበ በቃሉ ይለው ነበር። ማንበብ የተማረው ከጎለመሰ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያን የመሠረተ ትምህርት ክፍል ነው። ቤታችን ውስጥ ትምህርትና ወንጌል በአንድ በር ስለገቡ አስተማሪ መሆን ለእኔ ሁልጊዜ ከአገልግሎት የተለየ ነገር አልነበረም።

የማርሻል ቋንቋም እንዲሁ ያስባል። አስተማሪ ሩካኪ ይባላል፤ ፓስተርም ሩካኪ ነው። ወንጌል ወደ እነዚህ ደሴቶች የገባው እ.ኤ.አ. በ1857 ኢቦን በምትባል አቶል በኩል ሲሆን፣ ከአሜሪካ ሚስዮናውያን ጋር ራሳቸው ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በፊት ወንጌልን የተቀበሉ የሃዋይ ሰዎችም አገልግለዋል። ዛሬ በታኅሣሥ ወር የመጀመሪያው ዓርብ የወንጌል ቀን ተብሎ በአገር ደረጃ ይከበራል። መንገድ ላይ ልጆች ሩካኪ እያሉ ሲጠሩኝ ስሙ ከእኔ በፊት ብዙዎች የተሸከሙት እንደሆነ አስባለሁ።

ከቤቴ አጠገብ አንዲት እናት አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ቡቡ ይላቸዋል፤ አያቴ ማለት ነው። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን በሳህን አንድ ነገር ይዘው መጡ። ሽታው ሳይቀድመኝ አልቀረም፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ብዊሮ ይሉታል። የዳቦ ፍሬ የሚባለውን ትልቅ ፍሬ ልጠው፣ በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ቀብረው፣ አብላልተው ለክፉ ቀን ያኖሩታል። ይህ ቆጮ ነው! እንሰቱ ተፍቆ፣ በራሱ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ጉድጓድ ገብቶ የሚወጣው የእናቴ ቆጮ በዓለም ዳር፣ በሌላ ስም ጠበቀኝ። እኔ ደግሞ ጀበና ይዤ ነበርና ቡና አፈላሁላቸው። ሦስተኛውን ስኒ ሲጠጡ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ።

የሐዋርያት ሥራ 28ን በዚያ ሰሞን ደጋግሜ አነበብሁት። ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ መላጥያ ደሴት ሲወጣ ከመስበኩም ከመፈወሱም በፊት የሆነው ነገር አለ፤ የደሴቲቱ ሰዎች ስለ ዝናቡና ስለ ብርዱ እሳት አንድደው ተቀበሉት። ወንጌልን ለአሕዛብ የተሸከመው ሐዋርያ መጀመሪያ እንግዳ ነበር፤ ሌሎች ባነደዱት እሳት ሞቀ። የሚሰጥ ሰው መቀበልንም በጸጋ ካላወቀበት ሸክሙ ብዙ ነው። መቶ እጥፉ ለእኔ የጀመረው በዚያ ሳህን ነው።

የሚሄዱም አሉ። የማርሻል ደሴቶች ዜጎች እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ ስምምነት መሠረት ያለ ቪዛ አሜሪካ ገብተው መኖርና መሥራት ይችላሉ፤ ብዙዎቹ አርካንሶ ግዛት ስፕሪንግዴል ከተማ ሰፍረዋል። በዓመቱ አጋማሽ ከፊተኛው ረድፍ አንድ ወንበር ባዶ ሆነ። ልጁ በሄደበት የሚጠብቀውን ብርድ፣ ቤተሰቡ በሁለት ፈረቃ እየሠራ ማታ የሚገናኝበትን ቤት አውቀዋለሁ። ለእርሱ ስጸልይ ስለ ራሴ ወገኖችም እየጸለይሁ ነው።

አሁን ወደ ከበደው ቀን ልምጣ።

አንድ እሁድ ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የቤተ ክርስቲያናችን ሩካኪ፣ ባለቤቱ፣ ቡቡና ሁለት ጎረቤቶች ቆመዋል። ማንም አልተናገረም። ወገኖቼ፣ እናንተ ይህን ታውቁታላችሁ። በአገራችን መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በር ተንኳኩቶ ነው። አምስቱን ሰዎች በአንድ ላይ ሳይ ልቤ አወቀ።

በኋላ እንደሰማሁት ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ ላሉት የቤተ ክርስቲያኔ ሽማግሌ ደውሎ፣ ብቻዋን እንዳትሰማ ብሎ ለመናቸው። ሽማግሌውም የደሴቲቱን ሩካኪ በስልክ ፈልገው አገኙትና ልማዳችንን አስረዱት፤ በማለዳ እንዲሄድ፣ ሰው ይዞ እንዲሄድ፣ ስሜን ጠርቶ ቀስ ብሎ እንዲነግረኝ። እንደተባለው አደረገ። አባቴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ጌታ ሄዶ ነበር።

ቀብሩ በማግስቱ እሁድ ነበር። ከማጁሮ አውሮፕላን በየቀኑ አይነሣም፤ ሁሉ ቢሳካ እንኳ አገር ቤት ለመድረስ ሦስት ቀን ያስፈልጋል። በዚያች ጠባብ መሬት ላይ ቆሜ ውቅያኖሱን ሳይ እንደዚያ ቀን ሰፍቶ አያውቅም። ጌታ ሆይ፣ አፈር እንኳ ሳላለብሰው አልሁ። ለጸሎት የበቃ ሌላ ቃል አልነበረኝም።

ጎረቤቶቼ ግን ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ቡቡ ከፓንዳነስ ቅጠል የተሠራ ምንጣፋቸውን አምጥተው በረንዳዬ ላይ ዘረጉ። ሩዝ ተቀቀለ፣ ዓሣ ተጠበሰ፣ ቡናውን ግን ማንም አልነካም፤ እርሱ የእኔ ነበር። ማርሻሎች ሟች ያለበት ቤት አብሮ የማደር ልማድ አላቸው፤ ኢሎሜጅ ይባላል። አስከሬኑ በሌለበት ኢሎሜጅ እንዴት ይሆናል ብሎ የጠየቀ የለም። ሩካኪው ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀኝ። ከቀኑ በ9 ሰዓት ነው አልሁት። በሁለቱ አገሮች መካከል የ9 ሰዓት ልዩነት ስላለ ሆሳዕና ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ማጁሮ እኩለ ሌሊት ነው። እንግዲያው እስከ እኩለ ሌሊት እንቀመጣለን አለ።

ተቀመጡ። ዜማውን በማውቀው ቃሉን ግን በማላውቀው መዝሙር በአራት ድምፅ ዘመሩ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ሁሉም ዝም አሉ። ወንድሜ በስልክ የቀብሩን ድምፅ አሰማኝ፤ የእድሩን ሰዎች ጫጫታ፣ የእናቴን ልቅሶ፣ ከዚያም አፈሩን። ያኔ የመጣልኝ ያ የማለዳ መዝሙር ነው። በሃዲይኛ ጀመርሁት፤ በእንባ ተቋረጠ፤ እንደገና ጀመርሁት። የጥንት የማርሻል መርከበኞች ከእንጨትና ከቀንድ አውጣ ቅርፊት የማዕበልን መንገድ የሚያሳይ ካርታ ይሠሩ ነበር። ካርታውን ግን ወደ ባሕር ይዘውት አይወጡም፤ በየብስ ሳሉ አጥንተው በልባቸው ያኖሩታል። አባቴም ያን መዝሙር በየብስ ሳለሁ ሰጥቶኛል።

እነዚህ ሰዎች ማዘንን የተማሩት በመጽሐፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1958 አሜሪካ በአቶሎቻቸው ላይ 67 የኑክሌር ሙከራዎች አድርጋለች። የመጋቢት ወር በፈረንጆች አቆጣጠር የመጀመሪያው ቀን በየዓመቱ የመታሰቢያ ቀን ነው፤ በ1954 በዚያ ቀን በቢኪኒ አቶል የፈነዳው ቦምብ ዐመዱን ሮንጌላፕ ላይ አዘነበው፤ ሕፃናት በዐመዱ ውስጥ ተጫወቱ። የቢኪኒ ሰዎች ከምድራቸው ከወጡ ብዙ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል፤ ባንዲራቸው ላይ ግን ሁሉ በእግዚአብሔር እጅ ነው የሚል ቃል ጽፈዋል። የአባቶቻቸውን መቃብር ለመጎብኘት የማይችሉ ብዙ ሰዎች ባሉበት አገር የእኔ ኀዘን ማብራሪያ አላስፈለገውም።

በስድስተኛው ቀን ቡቡ የአባቴ መቃብር ላይ ድንጋይ ተደርጎ እንደሆነ ጠየቁኝ። እዚህ ከቀብር በኋላ በስድስተኛው ቀን ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ መቃብሩን በነጭ የኮራል ጠጠር ያለብሰዋል። አላውቅም አልኋቸው። ዝም ብለው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ የክፍሌ ልጆች ከባሕሩ ዳር በባልዲና በሩዝ ከረጢት ጠጠር ተሸክመው መጡ። ከበሬ ፊት ካለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር አፈሰሱትና በእጃቸው አስተካከሉት። ከኮኮናት ዛፍ ይበልጣል ወይ ያለኝ ልጅ የራሱን ባልዲ መሐል ላይ ደጋግሞ እየከመረ፣ ለሩካኪ አባት ተራራ ነው አለ።

ከዚያ በኋላ ነው ማርቆስ 10ን እንደ አዲስ ያነበብሁት። በቁጥር 29 የሚተወውን ሁሉ ጌታ ይዘረዝራል፤ ቤት፣ ወንድም፣ እህት፣ እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ እርሻ። በቁጥር 30 መቶ እጥፍ የሚመለሰውን ደግሞ ይዘረዝራል። ጣታችሁን አድርጋችሁ ቁጠሩት። ቤቶች አሉ፤ በረንዳዬን የሞሉት ጎረቤቶች ቤታቸው የእኔ ሆኗል። ወንድሞችና እህቶች አሉ። እናቶች አሉ፤ ቡቡ ምንጣፋቸውን ዘርግተዋል። ልጆች አሉ፤ 26 ናቸው። እርሻም አለ፤ የዳቦ ፍሬው ዛፍ ያፈራልኛል። ስደትም በግልጥ ተጽፏል፤ ጌታ አልደበቀንም። በሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ግን አባት የሚለው ቃል የለም።

ጌታ ረስቶት ነው አልልም። ያን ስፍራ ሰው ስለማይሞላው፣ እንዲሞላውም ስላልተባለ ይመስለኛል። እናቶችን በብዛት ሊሰጠን ይችላል፤ አባት ግን አንድ ነው፤ በሰማያት ያለው። አባቴ በጋቢው ተከናንቦ በማለዳ ይጠራው የነበረው አባት እንቅልፍ የማያውቅ ስለሆነ ሆሳዕና ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ማጁሮም እኩለ ሌሊት ሲሆን በሁለቱም ነቅቶ ነበር። አንዱ መቃብሩ አጠገብ፣ አንዱ በረንዳዬ ላይ ሁለት አምላክ አላስፈለገንም። ይህ ጎዶሎዬን አልደፈነውም። ዛሬም ቡና ሳፈላ ድምፁ ይናፍቀኛል። ባዶው ስፍራ ግን የማን እንደሆነ አውቄአለሁ።

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ በአረብ አገር፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካ ናችሁ። ከመካከላችሁ በወረቀት፣ በገንዘብ ወይም በአሠሪ ምክንያት የእናቱን ወይም የአባቱን ቀብር ያልደረሰ እንዳለ አውቃለሁ። ሚስዮናዊ ነኝ ብላችሁ አልወጣችሁ ይሆናል፤ ለእንጀራ ነው የወጣችሁት። ጌታ ግን እንባን በመዝገብ ለይቶ አያስቀምጥም። ሰው የለኝም የምትሉ ከሆነ በአጠገባችሁ ምንጣፍ የሚዘረጋ ሰው እንዲሰጣችሁ ለምኑት፤ ሲሰጣችሁም በቋንቋ ምክንያት አትመልሱት። በሰፈራችሁ ኀዘንተኛ ካለ ደግሞ ቃል እስኪገኝ አትጠብቁ። በማለዳ ሂዱ፤ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ተቀመጡ።

በበጎ ፈቃድ ለማገልገል የምታስቡ ወጣቶችም ብትኖሩ አንድ ነገር ልበላችሁ፦ ከመሄዳችሁ በፊት ቃሉን በልባችሁ አኑሩ፤ ከደረሳችሁ በኋላ የሚሰጣችሁን ሳህን በሁለት እጃችሁ ተቀበሉ። የቀረውን ሰዎቹ ራሳቸው ያስተምሯችኋል።

እንጸልይ፦ የሰማዩ አባታችን ሆይ፣ በምድር አባት ለሌላቸው ሁሉ ቅርብ ሁን። ወገኖቻቸውን ሳይቀብሩ የቀሩትን አንተ ራስህ አጽናና። በባሕር መካከል ያሉትን ትንንሽ ደሴቶች ከማዕበል ጠብቅ፤ ልጆቻቸውን በሄዱበት ሁሉ አስብ። ለተቀበሉን መልሰህ ስጥልን፤ እኛም ሌላውን የምንቀበል አድርገን። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።